የገጣባ አህዮች ግቢ

ፈንታነሽ ከአህያ ጀርባ ላይ ትል መልቀም ከጀመረች ስድስት ዓመት ሆኗታል። ጎረቤት «መቼስ ለምደሽዋል» ይላታል። አይለመድም። ገጣባው ሲገለጥ ሽታው አፍንጫን አልፎ ምላስ ላይ ይቀመጣል፤ ከዚያ ወዲያ የሚቀመስ ነገር ሁሉ እሱን እሱን ይላል። ስለዚህ የቀኑን ምግቧን በማለዳ፣ እጇ ምንም ሳይነካ ትበላለች፤ ከዚያ በኋላ እስኪመሽ ውሃ ብቻ ነው።

ግቢዋ ከደብረ ታቦር ወደ ገሳይ በሚወስደው መንገድ፣ ከተማው አልቆ የገብስ ማሳ በሚጀምርበት ላይ ነው። ባሏ ዘውዱ እህል ነጋዴ ነበር። ሲሞት ሦስት ያረጁ አህዮች ቀሩ። የአገሩ ልማድ የታወቀ ነው፤ አህያ ጉልበቱን ሲጨርስ ከሰፈር ራቅ አድርገው ይለቁታል፣ የቀረውን ጅብ ያውቃል። የዘውዱ ወንድም ሁለቱን ነድቶ ወንዝ ዳር ለቀቃቸው። በማግስቱ ፈንታነሽ ውሃ ልትቀዳ ስትወርድ አንደኛዋን አገኘቻት። የኋላ እግሯ የለም፤ ዓይኗ ግን ገና ያያል። ፈንታነሽ እንስራዋን አስቀምጣ አስመለሳት። ከዚያ ቀጥ ብላ ቤተ ክርስቲያን ሄደችና ደጀ ሰላሙ ላይ ተሳለች፦ «ከእንግዲህ እጄ የገባውን እንስሳ ለጅብ አልሰጥም፤ በሰው እጅም አላስገድልም።»

የቅኔው መምህርና የነፍስ አባቷ መሪጌታ ወልደሚካኤል አጠገቧ ቆመው ሰምተዋታል። «አይከብድሽም ልጄ?» አሏት።

ከበዳት። በአንድ አህያ የጀመረችው በ1976 ክረምት አሥራ ዘጠኝ ደረሰ። ወሬው አገር አዳርሶ ኖሮ ቅዳሜ ቅዳሜ ገበያ የሚወጣ ሁሉ ያለቀ አህያውን እየነዳ ደጇ ይቆማል። ድርቆሹ አይበቃም፤ ግቢው ክረምት በገባ ቁጥር እስከ ቁርጭምጭሚት ጭቃና ፍግ ነው። እሷን የሚያንገሸግሻት ግን ፍጉ አልነበረም። ምርቃቱ ነበር።

ሐምሌ ላይ ሙላቴ የሚባል ደህና ገበሬ አንዲት አህያ አመጣ። የጀርባዋ ቆዳ ተገሽልጦ ሥጋው ይታያል። ሙላቴ አዲስ ጋቢ ለብሷል።

«እመት ፈንታነሽ፣ ጅብ ይብላት ማለት አንጀቴ አልቻለም» አላት።

«ጋጣ የለህም?»

«አለ እንጂ፤ በሬዎቹ አሉበት።»

«እንግዲያው ና፣ ቁስሏን አብረን እንጠብ።»

ሙላቴ የጋቢውን ጫፍ አፍንጫው ላይ ጣል አደረገ። «ኧረ እኔስ እንዲህ ያለ ነገር ሳይ ያቅለሸልሸኛል። ለነፍስሽ ይሁንልሽ፤ በሰማይ ቤት ትከፈይበታለሽ!» ብሎ መርቋት፣ ቀለል ብሎት ወደ ገበያው ሄደ። ፈንታነሽ ዱካው ላይ ምራቋን ተፋች።

ነሐሴ መግቢያ ላይ የቀበሌው ሊቀ መንበር ወርቁ ሁለት ሚሊሻ አስከትሎ መጣ። አብዮቱ አሥረኛ ዓመቱን ሊያከብር ነው፤ አደባባዩ ላይ የድንጋይ ቅስትና መድረክ ይሠራል፤ አሸዋውና ድንጋዩ ከወንዝ የሚወጣበት ዳገት ደግሞ መኪና አያስገባም።

«ጓዲት ፈንታነሽ፣ ደህና ደህናዎቹን ስድስቱን እንወስዳለን።»

«እነዚህ ጡረተኞች ናቸው፤ ጀርባቸው ገና አልጠናም።»

«ጡረተኛ አህያ!» ብሎ ወደ ሚሊሾቹ ዞሮ ሳቀ። «ሰፊው ሕዝብ እየሠራ አህያ ተኝቶ ይቀለባል?» ከሳቁ በኋላ የሚመጣውን የማያውቅ ሰው በከተማው አልነበረም። ፈንታነሽ ገመዶቹን በእጇ ፈትታ ሰጠች። ሁለት ዓመት አጥባ፣ ቀልባ፣ ቆዳ ያለበሰችው፣ አመዶ የምትለው አህያ ከፊት ተነዳ።

በጳጉሜ አምስቱ ተመለሱ። ስድስተኛው ዳገቱ ላይ ወድቆ ቀርቷል። መደላድል ሳይደረግላቸው፣ እርጥብ አሸዋ በባዶ ጀርባቸው ላይ እየተጫነ ነው ክረምቱን የወጡት። አመዶን ሁለት ሰዎች እየገፉ አምጥተው በሩ ላይ ለቀቁት። ጆንያ ተለጥፎበት ነበር። ፈንታነሽ ጆንያውን ስትልጠው ሥጋው አብሮ መጣ፤ ከሥሩ ትሉ እንደሚፈላ ገንፎ ይላወሳል። መሃል ላይ ነጭ ነገር አየች። አጥንት ነው።

የከብት ክሊኒኩ ሠራተኛ ዘውገ መጥቶ አየ። ብዙ ጊዜ የተረፈ መድኃኒት በኪሱ ይዞላት የሚመጣ፣ ዝምተኛ ጎልማሳ ነው።

«እትዬ፣ ይሄ አይድንም። መርፌ አለኝ፣ ልገላግለው።»

«ስለት አለብኝ።»

«እሱ ግን ስለት የለበትም» አለ ዘውገ ቀስ ብሎ። ዕቃውን ሰብስቦ ሄደ።

ጠዋት የለቀመችው ትል ቀትር ላይ ተተክቶ ታገኘዋለች። ዞር ስትል ቁራ ጀርባው ላይ ያርፍና ይጎርሳል። አመዶ ጭራውን እንኳ አያነሳም። አይጮህም። ጎረቤቷ እቴነሽ በአጥር ብቅ አለችና «እንዲህ ሆኖም አልጣልሽውም! አንቺስ ጻድቅ ነሽ» አለቻት። ፈንታነሽ ደስ አላት። ደስ ማለቷ ለራሷም ታወቃት፤ እጇ ላይ ያለውን መግል ደረቷ ውስጥ ያገኘችው መሰላት።

መስከረም ሁለት ቀን ነዋሪው ሁሉ ተሰልፎ አደባባይ ወጣ፤ የቀረ ስሙ ይመዘገባል። ፈንታነሽ በሳሙና ታጥባ፣ ነጠላዋን ቀይራ ሄደች። ቢሆንም ሰልፉ ውስጥ ከግራም ከቀኝም ሰው ሽታዋን እየሸሸ፣ ብቻዋን እንደ በሽተኛ ቆመች። ድምፅ ማጉያው ይፎክራል። ቅስቱ ቀይ ጨርቅ ለብሷል። በጨርቁ መሃል ድንጋዩ ሲታያት ያ ጆንያ፣ ከሥሩም ያየችው አጥንት ታወሳት።

ከሰልፉ በቀጥታ መሪጌታ ዘንድ ሄደች።

«የኔታ፣ ስለቴን ይፍቱልኝ።»

«ምነው?»

ነገረቻቸው። ትሉንም፣ ቁራውንም፣ የእቴነሽን ምስጋናም አልደበቀችም።

መሪጌታ መጽሐፋቸውን ዘጉ። «እኔ ቅኔ እንጂ አህያ አላውቅም። ግን እስቲ ንገሪኝ፤ ከነትሉ የምታኖሪው ለሱ ብለሽ ነው ወይስ ቃልሽ እንዳይታበል?»

ፈንታነሽ ተነሥታ ጉልበታቸውን ሳመች።

«ቀኖናሽን ኋላ እሰጥሻለሁ፤ አሁን ሂጂ» አሏት።

ዘውገ መርፌውን ሲወጋ የአመዶን ራስ እሷ አቅፋ ያዘችው። ጆሮው ክንዷ ላይ ከበደ፤ በቃ። ዝንቡ ግን አልተነሣም። ከሰዓቱን ሁለቱ እርጥቡን አፈር ሲቆፍሩ ዋሉ፤ ጅብ እንዳያወጣው በላዩ ድንጋይ ከመሩበት።

በሳምንቱ ወሬው ገበያ ላይ ነበር፤ «ፈንታነሽ ስለቷን በላች፤ አህያ አስገደለች።» ሙላቴ በዚያው በአዲሱ ጋቢው ደጇ ላይ ቆመ።

«እኔ አምኜሽ ነበር። አህያዬንስ ምን አረግሻት?»

«ያቻት፣ ድናለች። ውሰዳት።»

«ኧረ ወዲያ! አህያ ምን ይሠራልኛል? ብቻ እንዲህ ያለ ጭካኔ...»

«ውጣልኝ» አለችው። ድምፅዋ ከፍ ስላላለ ይሆናል፣ ቶሎ ወጣ።

ከዚያ ወዲህ አህያ ይዞ ለሚመጣ ሁሉ አንድ ቃል አበጀች፤ ባለቤቱ ሦስት ቀን እየመጣ ቁስሉን በገዛ እጁ ይጠብ፣ ያኔ ትቀበላለች። እስከ ኅዳር የመጡት አሥራ አንድ ነበሩ። እሺ ያሉት ሁለት። የቀሩት እየተሳደቡ ሲመለሱ አህዮቹ ወዴት እንደሚነዱ ታውቃለች፤ ያን ቀን እህል በአፏ አይዞርም። ግን ግቢዋ ያሉት ድርቆሽ ጠግበው አደሩ።

በዚሁ መሃል፣ ጥቅምት ላይ፣ ወርቁ ለቀበሌው መጋዘን ግንድ የሚጎትቱ ስምንት አህዮች ሊመርጥ በማግስቱ እንደሚመጣ ላከባት። ፈንታነሽ ዘውገን አስጠራችና ልታቃጥለው የከመረችውን የቁስል መጥረጊያ ጨርቅ አሳየችው። ዘውገ ገባው።

«ቢነቃብን እስር ቤት ነው፣ እትዬ።»

«አውቃለሁ። ይቅርብህ፤ ብቻዬን እሆነዋለሁ።»

ዘውገ ጨርቁን አየ፣ አህዮቹን አየ፣ እጅጌውን ጠቀለለ።

ወርቁ ሲመጣ የዳኑት አህዮች ሁሉ ጀርባቸው መግል በጠጣ ጨርቅ ተሸፍኖ፣ ዝንብ ጥቁር ብሎባቸው ቆመዋል። በሩን አንድ እርምጃ አለፈና ደብተሩን አፉ ላይ ደፈነ።

«ምንድን ነው ይሄ?»

«ተላላፊ ነው፣ ጓድ ሊቀ መንበር» አለ ዘውገ፤ ፊቱ እንደ መንግሥት ሠራተኛ ደርቋል። «ሰውም ይይዛል። የነካ ሰው እጁ ላይ ነው የሚጀምረው።»

ፈንታነሽ አህያ ስትጠርግበት የነበረውን እጇን ለሰላምታ ዘረጋችለት።

ወርቁ ወደ ኋላው ሲሸሽ ተንሸራትቶ ፍጉ ላይ በእጁ ተመረኮዘ፤ እጁን እያየ አጥሩ ሥር አስመለሰው። ሚሊሾቹ ዓይናቸውን ወደ መንገዱ አዞሩ። እጁን ሳይታጠብ ወጥቶ ሄደ፤ ቀበሌውም ከዚያ በኋላ ወደ ግቢዋ ሰው አልላከም።

ዘውገ ከአጥሩ ጀርባ ሆዱን ይዞ ሳቀ። ለእሷ ግን ሳቅ አልመጣላትም። በንጹሕ ጀርባ ላይ ያን ጨርቅ ስትጥል እጇ እንዴት እንደተሸማቀቀ አልጠፋትም። ጨርቁን ሰብስባ እሳት ለኮሰችበት። ውሃ አሙቃ፣ ጨው ጨምራ፣ ከሙላቴ አህያ ጀምራ አንድ በአንድ ታጥባቸው ጀመር፤ ዘውገም ሳቁን ሲጨርስ እንስራውን ተሸክሞ ሁለተኛውን ውሃ ሊቀዳ ወደ ወንዙ ወረደ።