ለግንቦት የተጠራው እንግዳ

መርከቡ ከአዞሬስ ደሴቶች ከተለየ ወዲህ የሚታይ ነገር የለም። ቢሆንም ተሳፋሪው ሁሉ ከቁርስ በኋላ ወደ ላይኛው ወለል ወጥቶ፣ ወንበሩን ወደ ባሕሩ አዙሮ፣ ምንም እንዳያመልጠው ነቅቶ ይጠብቃል። ካፒቴኑም በድምፅ ማጉያው ብቅ እያለ ዛሬ ባሕር እንደሆነ፣ ነገም ባሕር እንደሚሆን ያበስራል። አንዳንዱ ያጨበጭባል።

ግሌኒስና ክላይቭ ኦርመሮድም እዚያው አሉ። እንግሊዝ አገር ያለች የክሊዘሮ ከተማ ሰዎች ናቸው፤ እሷ ጡረታ የወጣች የጥርስ ሐኪም፣ እሱ የከተማውን የመንገድ መብራት ሲያበራና ሲያጠፋ ያረጀ መሐንዲስ። ባልና ሚስት ከአንድ ባሕር ይቀዳል ይባላል። እነዚህ ግን ባሕሩን ዞረው ሲመለሱ ሊፋቱ ተስማምተዋል። የተስማሙትም በገና ማግስት ነው፤ እሷ ሰሃን እያጠበች፣ እሱ እያደረቀ፣ ድምፅ ሳይወጣ። የመጨረሻው ሰሃን መደርደሪያ ላይ ሲወጣ የመርከቡ ጉዞ ትዝ አላቸው። ተከፍሎበታል፤ ገንዘቡ አይመለስም። የሌላ አገር ሰው ቢሆን ወይ ጉዞውን ይተዋል ወይ ፍቺውን። እነሱ ሁለቱንም ያዙ። የተከፈለበትን ነገር ጥሎ መቅረት ነውር ነው፤ ስለ ፍቺ ማውራት ደግሞ የባሰ ነውር ነው። ስለዚህ ሆድ ይፍጀው ብለው ሻንጣቸውን ሸከፉና ሦስት ወር በአንድ ካቢን ሊኖሩ ተሳፈሩ።

ላያቸው ሰው ያስቀናሉ። «አንቺ እለፊ»፣ «የለም፣ አንተ እለፍ» እየተባባሉ ከካቢናቸው እስኪወጡ ቁርሱ ይቀዘቅዛል። ውስጡን ለቄስ።

የዛሬውን ጸጥታ ያደፈረሰው አይናር ነው። አይናር እራት ላይ ከእነሱ ጋር የሚቀመጥ፣ ሚስቱ የሞተችበት ኖርዌያዊ ነው፤ ትንሽ ይናገራል፣ ሌላው የሚናገረውን ግን ሁሉ ያምናል። ግሌኒስ በመጀመሪያው ሳምንት፣ «አንድ ቀን እኛ ቤት መምጣት አለብዎት» ብላዋለች። ይህ በእንግሊዝ አገር ግብዣ አይደለም። ሰው ሲያስነጥስ ይማርህ እንደማለት ያለ ነው። የተጠራው ሰው «እንዴት ደስ ይለኛል» ይልና እስከ ዕለተ ሞቱ አይመጣም፤ ሁለቱም ወገን በዚህ ተከባብሮ ይኖራል።

አይናር ወንበሩን ስቦ አጠገቧ ተቀመጠ።

«ወይዘሮ ግሌኒስ፣ ትኬቱን ቆረጥኩ» አላት።

«የምን ትኬት?»

«እናንተ ቤት የምመጣበትን ነዋ። በግንቦት። ሁለት ሳምንት እቆያለሁ። የደረቀ ዓሣ ይዤ እመጣለሁ።»

ግሌኒስ ፈገግ አለች። ስትደነግጥ የምታደርገው ይህንን ነው። «እንዴት ደስ ይላል» አለች። በግንቦት ያ ቤት ለሽያጭ ይወጣል፤ እሷም ዌልስ እህቷ ዘንድ ትሆናለች።

ክላይቭን ፍለጋ ወረደች። የጥያቄና መልስ ውድድር ላይ እርሳሱን እያኘከ አገኘችው።

«አይናር በግንቦት ሊመጣብን ነው» አለችው በሹክሹክታ።

«ሰማሁ» አለ፣ ዓይኑን ከወረቀቱ ሳያነሳ። «የፔሩ ዋና ከተማ ሊማ ናት አይደል?»

«ክላይቭ፣ በግንቦት እኮ እኛ የለንም።»

«ቀስ በይ እንጂ እሜቴ። ሰው ይሰማል።»

ከእሱ የሚገኝ እርዳታ እንደሌለ ስላወቀች ውሸቷን ብቻዋን ስታሰናዳ ዋለች። የሻይ ሰዓት ሲደርስ አይናርን ጥግ ላይ ያዘችው። የቤታችን ጣሪያ ሊታደስ ነው አለችው።

«አባቴ አናጺ ነበር» አለ አይናር። «ጣሪያ አውቃለሁ። መሰላል አላችሁ?»

«ድመታችን ደግሞ ሰው አትወድም።»

«እኔም ብዙ አልወድም። እንግባባለን።»

የዚህን ሰው ሐቀኝነት በምን ይችሉታል? የጨዋ ውሸት አለቀባትና እውነቱ ብቻ ቀረ።

«አይናር፣ እኔና ክላይቭ ልንፋታ ነው» አለች።

ቃሉን ጮክ ብላ ስትለው የመጀመሪያዋ ነው። ቀለል ይለኛል ብላ ነበር። አልቀለላትም፤ ልታለቅስ ምንም አልቀራት።

አይናር የያዘውን ኬክ አስቀመጠ። «አዝናለሁ» አለ። «ግን ግራ ገባኝ። በግንቦት ና ያለኝ ክላይቭ ነው። እኔ መስከረም ይሻለኛል ብዬው ነበር። የለም፣ ልክ እንደተመለስን ድረስ አለኝ። ትኬት ቆረጥክ ወይ እያለም ሁለቴ ጠይቆኛል።»

ግሌኒስ ብድግ አለች። የሻይ ሰልፍ ላይ የቆመውን ሽማግሌ ሁሉ ሰንጥቃ፣ ይቅርታ እንኳ ሳትል አለፈች። ፍቺዋን ቢሰሙ ኖሮ ይህን ያህል ባልደነገጡ።

ክላይቭ የመርከቡ ጀርባ ላይ አጥሩን ተደግፎ ቆሟል።

«አንተ ነህ የጠራኸው?»

ጆሮው ቀላ። «ጥሩ ሰው ነው» አለ።

«ክላይቭ።»

«ቤት ውስጥ እንግዳ እያለ ጥለሽ እንደማትሄጂ አውቃለሁ» አለ ወደ ውሃው እያየ። «እናቴ እኛ ዘንድ ስትሰነብት፣ ዓይኗን ማየት ሳትፈልጊ እንኳ፣ እስክትሄድ ድረስ አንሶላ ትቀይሪላት ነበር። እና... ከእሱ ቀጥሎ የአጎቴን ልጆች ልጠራ አስቤ ነበር።»

«አትሂጂ አትለኝም ነበር?»

አሰበበት። «እሱማ ሰው ላይ መጫን መሰለኝ።»

ይህን ሁሉ ዓመት አብራው የኖረችው ሰው እንዲህ ነው። አንዲት ቃል ከሚያወጣ ኖርዌይን በሙሉ ቤቱ ያስገባል። ግሌኒስ ልትገፈትረው ፈለገች። ልታቅፈውም ፈለገች። አካባቢው ላይ ሰው ስላለ ሁለቱንም ተወችው።

«አይናር እስኪሄድ እኖራለሁ» አለች በመጨረሻ። «ከዚያ በኋላ ግን ማንንም እንዳትጠራብኝ። የምትለው ካለህ በራስህ አፍ በለኝ።»

«አሁን?»

«መቼ ሊሆን ነው?»

ክላይቭ ግራ ቀኙን ቃኘ። ሰው ሁሉ ባሕሩን ያያል። ጉሮሮውን ጠራረገ፣ የሸሚዙን አንገት አስተካከለ።

«አየሩ ጥሩ ነው» አለ።

ግሌኒስ አጥሩን ተደግፋ አጠገቡ ቆመች።

«አትሂጂ» አላት።