አረፋው ያልደረሰበት

ዶክተር ሕሊና የሰው ሆድ ውስጥ ያለውን ሁሉ በአልትራሳውንድ አይታ ትናገራለች፤ ጎንደር ውስጥ ይህን የማያውቅ ሐኪም የለም። የገዛ አባቷን ሆድ ግን ሳታይ፣ በአፋቸው የነገሯትን አምና ተቀበለች። የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች ማለት ይኸው ነው።

አባቷ መሪጌታ ወልደኢየሱስ አምባ ጊዮርጊስ ላይ አርባ ዓመት ዜማ ያስተማሩ ሰው ናቸው። ሆዳቸው እንደ ከበሮ ተወጥሮ ሦስት ቀን ተኝተው፣ ጎረቤት በግድ መኪና ላይ ጭኖ ሲያመጣቸው እንኳ "ትንሽ ነፋኝ እንጂ ደህና ነኝ" ይሉ ነበር። ትልቁ አንጀታቸው ተጠምዝዞ ኖሯል። ቀዶ ሐኪሙ ዶክተር ሙሉቀን በታች በኩል ቱቦ አስገብቶ አየሩን አስወጣ፤ አንጀቱ ተፈታ፣ ሆዳቸውም ሟሸሸ። ከዚያ በኋላ የቀረው ጥያቄ አንድ ብቻ ነበር። ተጠምዝዞ የቆየው ክፍል ደም አግኝቶ ነፍስ ይዘራል ወይስ ሞቷል? ከሞተ ሳይውል ሳያድር ተቆርጦ መውጣት አለበት፤ አለዚያ ይበሰብስና ባለቤቱን ይዞ ይሞታል።

በማግስቱ ጠዋት ሕሊና ስትገባ አባቷ ትራስ ተደግፈው ተቀምጠዋል። እንዲያ ቀና ብለው ስታያቸው ሳቋ ከደጅ ተሰማ።

"አባ፣ ዳኑልኝ! አሁንማ አያምዎትም፣ አይደል?"

"እግዚአብሔር ይመስገን። ምንም አያመኝም።"

ግንባራቸውን ሳመች፣ ጉልበታቸውን ሳመች። ወጥታም ለሙሉቀን "ቤት ልውሰዳቸው፤ ለአስተርእዮ ማርያም ማኅሌት አገራቸው ይደርሳሉ" አለችው። እሱም ደስታዋን ላለማደፍረስ "እስከ ምሳ እንያቸውና" ብሎ አለፈ።

ደስታውን ያደፈረሰችው ሲስተር ይርገዱ ናት። የአይከል ሰው ናት፤ ለሕሊና በዕድሜ ታላቋ ስለሆነች ምላሷን አትቆጥብላትም።

"የልብ ምታቸው መቶ ሃያ ነው። ትናንትም መቶ ሃያ ነበር፤ የዳነ ሰው ልብ እንዲህ አይሮጥም" አለች ወረቀቱን ፊቷ ላይ እየዘረጋች። "ደግሞስ የቤተ ክህነት ሰው መቼ አመመኝ ሲል ሰማሽ? ሌላ በሽተኛ ቢሆን ኖሮ ይህን አንቺ ነበርሽ የምትነግሪኝ።"

ሕሊና ተቆጣች። የተቆጣችውም እውነት ስለሆነ ነው። ሲያሠቃይ ቆይቶ ድንገት ዝም ያለ አንጀት፣ ድኖ ብቻ ሳይሆን ሞቶም ዝም ሊል እንደሚችል በየዓመቱ ለተማሪዎቿ የምታስተምረው እሷ ራሷ ናት።

ሲቲ ስካን እንዳይነሡ ኩላሊታቸው ደክሟል፤ ለዚያ በደም ሥር የሚሰጠውን ቀለም አይችለውም። ቢሮዋ ባለው ቁም ሣጥን ውስጥ ግን ከውጭ ሥልጠና ስትመለስ ያመጣችው አንድ ብልቃጥ መድኃኒት ነበር። በደም ሥር ሲሰጥ ዓይን የማያያቸው አረፋዎች ከደም ጋር ይዞራሉ። ደም በደረሰበት ሁሉ በአልትራሳውንዱ ስክሪን ላይ ያበራሉ፣ ጥቂት ደቂቃ ቆይተው በትንፋሽ ይወጣሉ፤ ኩላሊትን አያስቸግሩም። ብልቃጡን ለክፉ ቀን ብላ ነበር ያስቀመጠችው።

"ይህ ደግሞ ምንድን ነው?" አሉ አባቷ፣ ብልቃጡን ስትነቀንቅ እያዩ።

"አረፋ ነው፣ አባ። ደምዎ የት የት እንደሚደርስ ያሳየናል።"

"ምነው፣ አያመኝም አልሁሽ እኮ።"

"እስቲ አንጀትዎም ይንገረኝ።"

ይርገዱ ግማሹን በመርፌ ሰጠች። ሕሊና መሣሪያውን ከእምብርታቸው በታች በግራ በኩል አሳርፋ ሰዓት ቆጠረች። አሥራ አምስት ሴኮንድ ሳይሞላ የአንጀቱ ግድግዳ መብራት ጀመረ። ከላይ ወደ ታች ተከተለችው። በራ፣ አሁንም በራ፣ ከዚያ ጨለመ። ከስንዝር የሚበልጥ ቦታ አንዲት አረፋ እንኳ ሳትገባበት ጠቁሮ ቀረ። ከሱ በታች ያለው መልሶ ያበራል።

እጄ ተሳስቶ ይሆናል ብላ የቀረውንም ግማሽ አሰጠች። ሌላ ብልቃጥ የለም። ያው ቦታ፣ ያው ጨለማ ነበር።

ሙሉቀን ከኋላዋ ቆሞ አይቷል፤ ቃሉን ግን እሷ እንድትናገረው ጠበቀ። በየሳምንቱ ሪፖርት ላይ የምትጽፈው ዓረፍተ ነገር ነበር።

"ደም የለውም" አለች በመጨረሻ። "ሞቷል። ዛሬውኑ፣ አሁን ይውጣ።"

መሪጌታ ስክሪኑን አዩ፣ የልጃቸውን ፊት አዩ። "እስከ ንጋት ሲቆርጠኝ አደረ" አሉ። "ብርድ ልብሱን ነክሼ ነው ያነጋሁት። ጎህ ሲቀድ ዝም አለ።" ብዕር ጠይቀው ለቀዶ ሕክምናው ፈረሙ።

ሁለት ሰዓት ተኩል ፈጀ። ሙሉቀን ሲወጣ ፊቱ ላብ በላብ ነበር። "ሳይበሳ ደርሰንበታል። የቀረው አንጀት ሸጋ ነው" አላት። ሕሊና እዚያው ኮሪደሩ ወለል ላይ ቁጭ አለች።

በሦስተኛው ቀን፣ ከንፈራቸውን በጥጥ እያረጠበች ሳለ የያዘችው ቁጣ አመለጣት።

"ለሌላው ይደብቁ፤ ለእኔ? 'በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም' እያሉ ያሳደጉኝ እርስዎ አይደሉም? ቤት ወስጄ ልገድልዎት ነበር እኮ!"

አባቷ ጥጥ የያዘ እጇን ያዙት።

"ልነግርሽ ነበር፣ ልጄ። 'ሲነጋ ስትመጣ እነግራታለሁ' እያልሁ ነው ያደርሁት። ገና ከደጅ ሳቅሽን ሰማሁት። እናትሽ ካረፈች ወዲህ እንደዚያ ስትስቂ ሰምቼሽ አላውቅም። እንዴት ብዬ ላጥፋው?"