ገርበብ ያለ በር

«ግፊው!»

ንብ አርቢዋ የተሳቢዋን የፍሬን ሲሊንደር በሚጫነው ረጅም ዘንግ ላይ ሰውነቷን ጥላ ገፋችው። ወንድሟ ከተሳቢው ሥር በጀርባው ተንጋሎ፣ ከሁሉ ከራቀው የኋላ ጎማ ጀርባ ያለችውን ትንሽ ብሎን ላላ አደረጋት። የፍሬን ዘይቱ በቀጭን ቱቦ ወደ ጠርሙሱ ሲወርድ አረፋ ይዞ መጣ።

«እንዳትለቂ... አጠበቅኩት። አሁን ልቀቂ።»

«ክንዴ ሊገነጠል ነው እኮ! እስከ መቼ ነው የምገፋው?»

«አየሩ ወጥቶ እስኪያልቅ፣ እትዬ። ውስጡ አየር ካለ ግፊትሽን እሱ ይበላውና ለጎማው አይደርስም።»

«አንተን የመሰለ ሆዳም ነዋ።»

ከሥር ሆኖ ሳቀ። የተሳቢው ሁለት አክስል በክሪክ ተነስቶ፣ አራቱም ጎማዎች አየር ላይ ተንጠልጥለዋል። አሮጌዎቹ የፍሬን ቧንቧዎች ዝገት በልቷቸው ስለነበር ሁሉንም ነቅሎ በአዲስ ተክቷቸዋል። አዲሶቹ ከፊት ካለው ሲሊንደር ተነስተው በሻሲው ጎን ተጠግተው ይሄዱና፣ አክስሎቹ ጋ ሲደርሱ እንደ ልብ በሚተጣጠፍ የጎማ ቱቦ ይቀጥላሉ። ሥራው የቸኮለ ነበር። ደጋው ላይ አበባ ደርቋል፣ ቆላው ደግሞ አብቧል። ቀፎዎቹ በዚህ ተሳቢ ተጭነው በቶሎ ወደዚያ ካልወረዱ ንቦቹ በረሃብ ማለቃቸው ነው፤ እሷም ከንቦቿ ሌላ የኔ የምትለው ነገር የላትም።

አረፋው ጠፍቶ ጥሩ ዘይት ብቻ መውረድ ሲጀምር ወደቀሩት ጎማዎች ተራ በተራ ተሻገሩ። ሲጨርሱ እሱ ወደ ዘንጉ ሄደ።

«አንዱን ጎማ አሽከርክሪና እጅሽን አንሺ።»

በኃይል አሽከረከረችው። እሱ ዘንጉን ሲጫን ያ ትልቅ ጎማ ቀጥ አለ። ሌላውን ሞከረች፣ እሱም ቀጥ አለ። አራቱንም ዞረቻቸው።

«ወይ ጉድ! ከዚህች ጣቴን ከማታክል ቧንቧ?»

«ገና ምን አይተሽ! ነገ ዘንግ የሚገፋ ሰው የለም። አንቺ መኪናውን ስታቀዘቅዢ ተሳቢው ከኋላ መግፋቱ አይቀርም። ዘይቱን የሚጫነው ያው የራሱ ግፊት ነው። በገፋ ቁጥር ራሱን ይይዛል።»

ቧንቧውን በዓይኗ ተከተለችው። «ሰው እንዲህ ቢሆን ምን ነበረበት!» አለች በመጨረሻ።

ወንድሟ በሚሠራበት ጋራዥ አንድ ደንብ አለ፤ ፍሬን የሠራ ሰው የመጀመሪያውን ቁልቁለት ከሹፌሩ ጎን ተቀምጦ ይወርዳል። እሱም ሲወርድ ኖሯል፣ ግን በሩን ዘግቶ አያውቅም። እጀታውን ጨብጦ፣ በሩን ገርበብ አድርጎ፣ አንድ እግሩን ወደ ውጭ አዘንብሎ ነው። ለምን ሲሉት «ለነፋስ ነው» ይላል። የጋራዥ ሰው መቼም ምላሱ አያርፍ፣ ስሙን ትተው «ገርበብ» ይሉታል።

ሲመሽ ንቦቹ ከተሰማሩበት ገቡ፣ የቀፎዎቹ በር በወንፊት ተዘጋ። ክሪኩ ወርዶ ተሳቢው በጎማው ቆመ፣ ቀፎዎቹም ተጭነው በገመድ ታሰሩ። ጎህ ሲቀድ እህቱ ሞተሩን አስነሳች፣ እሱም እንደ ልማዱ በሩን ገርበብ አድርጎ ተቀመጠ።

ቁልቁለቱ አፍ ላይ ሲደርሱ አንድ ነገር ትዝ አለውና ክው አለ።

«አቁሚ! እትዬ፣ አቁሚ!»

ጎማውን በድንጋይ ደግፎ ከሥር ገባ። ተጣጣፊዎቹን የፍሬን ቱቦዎች ለክቶ ያሰራቸው አክስሎቹ ተንጠልጥለው ሳሉ ነበር። አሁን ጭነቱ ባሌስትራውን ተጭኖ ሻሲውን ዝቅ አድርጎታል። የኋለኛው ቱቦ ተርፎት እንደ ቦርጭ ወደ ጎን ወጥቷል፤ ጎማው ነክቶት ላዩን ላጥ ማድረግ ጀምሮ ነበር። ከጫኑ በኋላ ማየት ግዴታ መሆኑን ያውቅ ነበር። ረስቶት ነው።

እህቱ ጎንበስ አለች። «ምንድነው?»

«ጥፋቱ የኔ ነው። ትንሽ ብንሄድ ጎማው ይበጥሰው ነበር። አንዱ ከተበጠሰ የሁሉም ዘይት ይፈሳል።»

«መሃል ቁልቁለት ላይ?»

«አዎ።»

የመሣሪያ ሳጥኑን አወረደችለት። የተላጠውን ቱቦ ፈቶ በያዘው መለዋወጫ ቀየረው፤ ፋሼታ በሚሉት የብረት ማሰሪያ ከጎማው አርቆ አሰረው። ዘንጉን እየገፋችለት እንደገና አየሩን አስወጡ። ሌሎቹንም አንድ በአንድ ዳሰሳቸው። ከራሱ በላይ በሺህ የሚቆጠሩ ንቦች በአንድ ድምፅ ያጉረመርማሉ፣ ድምፁ በብረቱ በኩል ደረቱ ድረስ ይሰማዋል። ያ ሁሉ ሕይወት የተንጠለጠለው በእነዚህ ቱቦዎች ላይ መሆኑን ሲያስብ መልሶ ዳሰሳቸው።

ወጥቶ ተቀመጠ። እጁ ሳያዝዘው እጀታውን ጨበጠ፣ በሩም ገርበብ እንዳለ ቀረ። እህቱ በሩን አየች፣ እሱን አየች፣ መኪናውን ለቀቀችው።

መንገዱ ወደ ታች ተሰበረ። ከበታቻቸው ጉም የሞላው ገደል ተከፈተ። ተሳቢው ከኋላ ሲገፋቸው ጀርባው ላይ ተሰማውና እግሩ ወደ ውጭ ተንቀሳቀሰ። እህቱ ግን ወዴት ትዘላለች? መሪውን በሁለት እጇ ይዛለች፣ ከኋላዋም ንቦቿ አሉ። ይህን ሁሉ ዘመን አጠገቡ የሚቀመጠው ሹፌር የሚዘልበት በር እንደሌለው አንድ ቀን አስቦ አያውቅም።

ፍሬኑን ረገጥ አደረገችው። ያ የሚገፋው ክብደት፣ ማንም ሳይነካው፣ ለስለስ ብሎ ራሱን ያዘ። ቀለል ስታደርገው ለቀቀ፤ ስትረግጠው መልሶ ያዘ። ሠርቶታል፣ አሠራሩንም ያውቀዋል፤ ቢሆንም እንደ ልጅ አፉን ከፍቶ ቀረ። ንቦቹ ከኋላ እንደተኙ ያጉረመርማሉ።

«ወይ ጉድ» አለ እሱም በተራው።

ጠመዝማዛው ዋናው ቁልቁለት ከፊታቸው ታየ። እግሩን ወደ ውስጥ ሰበሰበና በሩን ስቦ ጓ አድርጎ ዘጋው።

እህቱ ዓይኗን ከመንገዱ ሳትነቅል «ምነው፣ ነፋሱ በረደህ?» አለችው።

«በረደኝ» አለና እጁን ከእጀታው ላይ አነሳ።