ሠላሳኛው ጠብታ

ሁለት ጊዜ ወድቄያለሁ። በመጀመሪያው ዓመት «ዜሮ ነጥብ ሃያ አምስት ግራም ስንት ሚሊ ግራም ነው?» ሲሉኝ ነጥቧን ወደ ግራ ገፋኋት። ፈታኙ ወረቀቴን አንስቶ፣ «እትዬ፣ ይሄ እኮ መድኃኒቱ አይደለም፣ ሽታው ነው» አለኝ። በሁለተኛው ዓመት ወደ ቀኝ ገፋኋት፤ ግን አንድ ቤት አሳለፍኳት። «አሁን ደግሞ ልጁን ብቻ ሳይሆን ሰፈሩን በሙሉ አከሙት» አለ። ክፍሉ ሳቀ። እኔም አብሬ ሳቅሁ፣ ምን ላድርግ። ቤቴ ስደርስ ግን ራት አልበላሁም።

ሦስተኛው ፈተና የመጨረሻ ነው። ሦስቴ የወደቀ ሰው የፋርማሲ ቴክኒሽያን የመሆን ነገር ያበቃለታል፤ ወደነበረበት ይመለሳል። እኔ የነበርኩበት የጠርሙስ ማጠቢያው ነው። በሆስፒታላችን መድኃኒት ክፍል ከኋላ በኩል ረጅም የሲሚንቶ ገንዳ አለ፤ ሁለት ቧንቧ አለው፣ አንዱ ተዘግቶም ያንጠባጥባል። ሕሙማን መልሰው የሚያመጡትን ጠርሙስ እዚያ አጥቤ፣ ቀቅዬ፣ ደፍቼ አደርቃለሁ። ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት እንዲሁ ነው። ስምም እዚያው ወጣልኝ፦ እትዬ ጠርሙስ።

ትምህርቴ አራተኛ ክፍል ላይ ነው የቆመው። ለሠራተኞች የሚሰጠው ኮርስ ሲከፈት ስመዘገብ፣ በመስኮቱ መድኃኒት የምታድለው ቴክኒሽያን፣ ምላሷ ከእጇ የሚፈጥን ልጅ ናት፣ «እትዬ፣ የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች እንዳይሆንብሽ» አለችኝ።

«የእኔ ብብት ውስጥ ያለው ጠርሙስ ነው» አልኳት። «ቢወድቅም ስባሪውን የምጠርገው እኔው ነኝ።»

ነጥቧን ያስተማረኝ ባሌ ነው። አናጺ ነው። ሁለተኛ ጊዜ የወደቅሁ ዕለት አልተቆጣኝም፣ አላጽናናኝምም። ሜትሩን ከኪሱ አውጥቶ የበራችን መቃን ላይ ከመሬት ጀምሮ ለካና በእርሳስ አሰመረ።

«ይሄ አንድ ሜትር ነው። ስንት ሚሊ ሜትር ነው?»

«ሺህ።»

«ማን ነገረሽ?»

«ሃያ ዓመት ሙሉ ሁለት ሚሊ ጎደለ፣ ሦስት ሚሊ ተረፈ እያልክ ስትጨቃጨቅ ማን ይሰማህ ነበር?»

«እንግዲያማ ግራም ማለት ሜትሩ ነው። ሚሊ ግራም ማለት እኔ የምጨቃጨቅባት ናት። ትልቁን ስትሰብሪው ፍርፋሪው ይበዛል። ፍርፋሪውን መልሰሽ ስትሰበስቢው ቁጥሩ ያንሳል። ሌላ ምሥጢር የለውም፤ ነጥብ ነጥብ እያሉ ሰው የሚያስጨንቁት።»

ከዚያ ቀን ወዲያ ያንን መቃን ሳልነካ ከቤት ወጥቼ አላውቅም። ከመነካካቱ ብዛት ጠቆረ።

ታዲያ ፈተናው ሁለት ወር ሲቀረው ሌላ ጣጣ መጣ። እኛ ጋ ደም ላነሳቸው ሕፃናት የሚሰጥ የብረት መድኃኒት አለ። ከትልቁ ጀሪካን እየተቀዳ ሠላሳ ሚሊ ሊትር በሚይዝ ጠርሙስ ይታደላል፤ በቀን አንድ ሚሊ ሊትር፣ ለሠላሳ ቀን። እናቶች ቤታቸው ሚሊ ሊትር የሚለኩበት ዕቃ የላቸውም። ስለዚህ ጎማ ራስ ያለው ማንጠባጠቢያ አብሮ ይሰጣቸውና ጠብታ ይቆጥራሉ። ግድግዳችን ላይ የተለጠፈው ሰንጠረዥ «ሃያ ጠብታ አንድ ሚሊ ሊትር ነው» ይላል። እናቶችም ሃያ ይቆጥራሉ።

ብረት ጠባዩ ክፉ ነው። ጠርሙሱ ውስጥ የቆመበት ቦታ ላይ ዝገት የመሰለ ቀለበት ይተዋል፤ እሱን ለማስለቀቅ ስንት ብሩሽ እንደጨረስኩ እኔ ነኝ የማውቀው። ድሮ ቀለበቱ ከጠርሙሱ ቂጥ ላይ ነበር። በዚያን ወር ግን ወደ ላይ ከፍ ብሎ፣ ሲሶው ላይ ሆኖ ይመጣ ጀመር። ወሩ ሞልቶ እናትየዋ ሌላ ልታስቀዳ ስትመጣ መድኃኒቱ ገና አላለቀም። የተረፈውን በመለኪያ ሲሊንደር ገለበጥኩት፤ ዐሥር ሚሊ ሊትር። የሌላዋንም ለካሁ፤ ዐሥር። በአንድ ሳምንት ሰባት ጠርሙስ።

ለመስኮቷ ልጅ ነገርኳት።

«እናቶቹ ይረሳሉ፣ እትዬ።»

«ሰባቱም እኩል ይረሳሉ?»

ትከሻዋን ሰበቀችና ወደ ሰልፏ ዞረች።

አልተዋጠልኝም። ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ ይባል የለ፣ ወደ ዕቃ ግምጃ ቤት ገባሁ። ባለፈው ወር አዲስ ማንጠባጠቢያ በካርቶን መጥቶልን ነበር። አንዱን አውጥቼ ከአሮጌው ጋር አስተያየሁት፤ የአዲሱ ጫፍ ቀጥኗል። ከመድኃኒቱ ትንሽ ቀዳሁና ገንዳዬ ጠርዝ ላይ ቆሜ ቆጠርኩ። በአሮጌው ሃያ ጠብታ አንድ ሚሊ ሊትር ሞላ። በአዲሱ ሃያ ቆጥሬ ጎደለ፤ ሃያ አምስት፣ አሁንም ጎደለ፤ ሠላሳኛው ላይ ልክ መስመሩ ላይ ገባ። ሦስት ጊዜ ደገምኩት። ሠላሳ፣ ሠላሳ፣ ሠላሳ።

ከዚያ ድንጋይ እንደሚፈልጥ ሰው ላብ እያጠመቀኝ አሰላሁት። ሃያ ጠብታ አሁን የአንድ ሚሊ ሁለት ሦስተኛ ነው። በሠላሳ ቀን ሃያ ሚሊ ይሄዳል፣ ዐሥር ይተርፋል። ቀለበቱ አልዋሸም። ሕፃናቱ ከሚገባቸው ሲሶውን እያጡ ነው።

ለክፍሉ ኃላፊ፣ ለፋርማሲስቷ ነገርኳት። ደግ ሰው ናት፣ ግን ሁልጊዜ ስልክ ጆሮዋ ላይ ነው። «እትዬ፣ ሰንጠረዡ እኮ የታተመ ነው» አለችኝ። «እርስዎ አሁን ፈተናዎን ያጥኑ። ይሄ የመጨረሻዎ ነው።»

ለባሌ ነገርኩት። ጣውላውን እየላገ ሰማኝና፣ «ፈተናው ላይ ከመጣ ሃያ በይ» አለኝ። «ነጩን ጋዋን ከለበስሽ በኋላ ብትናገሪ ይሰሙሻል። ገንዳ ሥር ሆነሽ ብትጮሂ ማን ይሰማሻል?»

«እሺ» አልኩት። ከልቤ ነው እሺ ያልኩት።

የፈተናው ቀን መድኃኒት ክፍሉ ውስጥ ጠረጴዛ ተዘርግቶ፣ ሰንጠረዡ በጋዜጣ ተሸፍኖ ጠበቀን። ፈታኙ ያው የድሮው ነው፤ በጣም ረጅም ሰው፣ ከጀርባው አቶ ነጥብ እንለዋለን። ኃላፊዋና የመስኮቷ ልጅ ለታዛቢነት ተቀምጠዋል። ከእኔ በፊት የተፈተኑት አራት ሰዎች አልፈው ግድግዳውን ተደግፈው ይስቃሉ። ጥያቄው አምስት ነው፤ አንድ የሳተ ወደቀ። በመድኃኒት ላይ አንድ ብቻ ተሳሳትኩ አይባልም።

«ዜሮ ነጥብ ሃያ አምስት ግራም?» አለ፣ ፈገግ ብሎ።

በሐሳቤ መቃኑን ነካሁ። «ሁለት መቶ ሃምሳ ሚሊ ግራም።»

ፈገግታው ቀረ።

«የልጁ ክብደት በአሮጌው ሚዛን ሃያ ሁለት ፓውንድ ነው። ለእያንዳንዱ ኪሎ ዐሥራ አምስት ሚሊ ግራም ታዟል። ሽሮፑ በአምስት ሚሊ ሊትር ውስጥ መቶ ሃያ ሚሊ ግራም አለው። ስንት ሚሊ ሊትር ይስጡ?»

ወረቀቴ ላይ ቀስ ብዬ ወረድኩ። ሃያ ሁለት ፓውንድ ዐሥር ኪሎ። መቶ ሃምሳ ሚሊ ግራም። «ስድስት ነጥብ ሃያ አምስት ሚሊ ሊትር።»

ሦስተኛውንም አራተኛውንም መለስኩ። ከግድግዳው በኩል ሳቁ ቆመ። አንዱ፣ «እትዬ ጠርሙስ ዛሬ ቡሽዋ ተፈናጠረ!» ሲል ሰማሁ።

አምስተኛው በትሪ መጣ። የብረት መድኃኒት፣ ሲሊንደርና ማንጠባጠቢያ። «ሕፃኑ በቀን አንድ ሚሊ ሊትር ይወስዳል። በዚህ ማንጠባጠቢያ ስንት ጠብታ ነው? እኔን እናትየዋ እንደሆንኩ ቆጥረው ይንገሩኝ።»

ማንጠባጠቢያውን አነሳሁት። ጫፉ ቀጭን፣ አዲሱ ነው። ሃያ ልል አፌን ከፍቼ ነበር። ግን እናትየዋ እንደሆንኩ ቆጥረው ይንገሩኝ አለኝ። እነዚያን እናቶች አውቃቸዋለሁ። የነገሯቸውን ቁጥር ጣታቸውን እያጠፉ ይቆጥራሉ፤ አንድ አያጎድሉም፣ አንድ አይጨምሩም።

«ሠላሳ» አልኩ።

የመስኮቷ ልጅ ብድግ ልትል ምንም አልቀራት። «ሃያ በይ እንጂ!» አለች በሹክሹክታ፣ ሁላችንም ሰማናት።

ፈታኙ በረጅሙ ተነፈሰ። «እትዬ፣ አራቱን እንዲያ መልሰው! የመጨረሻ ቃልዎ ነው? ደንቡን ያውቃሉ።»

«አውቃለሁ። ሠላሳ ነው።»

«ሰንጠረዡ ሃያ ይላል።»

«ሰንጠረዡ ይሄን ማንጠባጠቢያ አላየውም። እርስዎ የጠየቁኝ ደግሞ በዚህ ነው።»

ብዕሩን ወረቀቴ ላይ ሊያሳርፍ ሲል ሲሊንደሩን ክንዱ ሥር አስጠጋሁለት። «ከመጻፍዎ በፊት ይቁጠሩ። እኔ ከቆጠርኩ ጠብታውን እጇ ነው ያቀጠነው ይላሉ። ራስዎ ይጨምቁት።»

ኃላፊዋን አየ። ስልኳን ጠረጴዛው ላይ ደፍታ፣ «ይቁጠሩ» አለችው።

ቆመ፣ ቀዳ፣ ያንጠባጥብ ጀመር። ሃያ ላይ አቆመና ከዚያ ከቁመቱ ላይ ቁልቁል አየው። «ይኸው፣ ለመሙላት ትንሽ ነው የቀረው።»

«ከላይ ሲያዩት የሞላ ይመስላል» አልኩት። «ጎንበስ ይበሉ ጌታዬ። ዓይንዎ ከፈሳሹ እኩል ይሁን። እርስዎ ነዎት ያስተማሩን።»

አጎነበሰ። ጉልበቱ ሲንቋቋ ተሰማ። ጉንጩን ጠረጴዛው ላይ ሊያስተኛ ጥቂት እስኪቀረው ወረደ። ጎድሏል፤ ያውም ብዙ። እንዳጎነበሰ ቀጠለ። ሃያ አንድ፣ ሃያ ሁለት። ሃያ አምስት ላይ ከግድግዳው በኩል አንድ ድምፅ አብሮት ቆጠረ፣ ሃያ ሰባት ላይ ሁሉም። «ሃያ ስምንት! ሃያ ዘጠኝ!»

ሠላሳኛዋ ጠብታ ወረደች፣ መስመሩም ተነካ።

ፈታኙ ራሱ፣ «እንደገና» አለ። እስከ ሦስተኛው ሚሊ መስመር ድረስ ሊሄድ ነው። ዘጠና ጠብታ! ክፍሉ በሙሉ ጠረጴዛውን ከቦ እንደ መዝሙር ቆጠረ፤ ኃላፊዋ ከሁሉ በላይ ጮኸች። ዘጠናኛዋ ሦስተኛው መስመር ላይ ስታርፍ እኔ ወንበሬ ላይ ተቀምጬ ነበር። ደክሞኝ ነው እንጂ ኮርቼ አይደለም። ደግሞም ኮርቼ ነው።

የመስኮቷ ልጅ አፏን በእጇ ይዛ፣ «ስለ ሰባቱ ጠርሙስ ነግራኝ ነበር» አለች። «እናቶቹ ይረሳሉ አልኳት። እኔ ነኝ እንዲህ ያልኳት።»

«ለእኔም ነግራኝ ነበር» አለች ኃላፊዋ። ተነሥታ የማንጠባጠቢያውን ካርቶን ከመደርደሪያው አወረደችና፣ «የብረት መድኃኒት የወሰዱትን እናቶች መዝገብ አምጡ። ዛሬውኑ ይጠሩ» አለች።

ፈታኙ ወገቡን ይዞ ቀና አለ። «ዛሬ አራት ሰው ሃያ አለኝ፣ አራቱንም አሳለፍኩ። መውደቅ የነበረብኝ እኔ ነኝ።» ወረቀቴን ሳበና አምስት ከአምስት ብሎ ጻፈ፤ ፊርማው ረጅም ነው፣ እንደ ራሱ። «እትዬ…» ብሎ ጀመረና ጠርሙስ የምትለዋን ዋጣት። «እንኳን ደስ አለዎት።»

ቤት ስደርስ ባሌ መላጊያውን ሳያስቀምጥ፣ «መጣ ጥያቄው?» አለኝ።

«መጣ።»

«ሃያ አልሽ?»

«ሠላሳ አልኩ።»

መላጊያው ቆመ። «አንቺ ሴትዮ! ወደቅሽ በይኛ!»

ከዘንቢሌ ነጩን ጋዋን አውጥቼ ትከሻዬ ላይ ጣል አደረግሁት። አየኝ፣ አየኝ፣ አየኝና ሳቁ መጣበት፤ ፊቱን በመሐረብ ሸፍኖ ሳቀ፤ ሳቅ ብቻ እንዳልሆነ ያወቅሁት መሐረቡን ሲያወርደው ነው። «አሁንማ» አለ፣ «ያንን መቃን ብትምሪልኝ ምናለ። ቀለም ልቀባው ነው።»

«አትነካውም» አልኩት።

ግድግዳችን ላይ ከሰንጠረዡ ሥር አሁን በእኔ እጅ የተጻፈ ወረቀት አለ። ፊደሌ የአራተኛ ክፍል ልጅ ፊደል ነው፣ ማንም አልቀየረውም። «መጀመሪያ በእጅዎ ባለው ማንጠባጠቢያ ጠብታውን ይቁጠሩ» ይላል።

በወሩ አንዲት እናት ልጇን አዝላ መስኮቱ ላይ መጣች። በዚያኛው በኩል የቆምኩት እኔ ነኝ። ጠርሙሷን አቀበለችኝ። ወደ ብርሃን አንሥቼ አየሁት፤ የዝገቱ ቀለበት ከታች፣ ከቂጡ ላይ ነው። መድኃኒቱ አልቋል።

ለአዲሷ አጣቢ አልሰጠኋትም። ባልደረባዬን መስኮቱን አስይዤ ወደ ገንዳው ሄድኩና ያንን አንድ ጠርሙስ ራሴ አጠብኩት።