የጎተራው ግርጌ

በለቅሶው ድንኳን ውስጥ ስለ ሟቹ ስለ ባየልኝ ሁለት ወሬ ይንሾካሾክ ነበር። አንደኛው፣ የከተማው ጥጥ መዳመጫ ሲዘጋ የፈረቃውን ሳይረን ሱዳን፣ ጋላባት አሻግሮ የሸጠው መካኒኩ ባየልኝ ነው ይላል። ሌላው፣ ብረት ገዢዎች ሊጭኑት ሲሉ ነጥቆ የደበቀው እሱ ነው ይላል። ልጁ ታይቱ ሁለቱንም ሰማች። የትኛው እውነት እንደሆነ እሷም አታውቅም፤ አባቷን በጠየቀችው ቁጥር ስቆ ያልፋት ነበር።

ከሃያ ዓመት በላይ ተዘግቶ የከረመው መዳመጫ ነገ የባህል አዳራሽ ሆኖ ሊከፈት ነው። ከተማዋ ገንዳ ውሃ እንቅልፍ አጥታለች። ባጃጆቹ ባለ ቀለም ጨርቅ አንጠልጥለዋል፤ የጉሙዝ ጨፋሪዎች ጧት ገብተዋል፤ በመጋዘኑ ግድግዳ ላይ ፊልም ሊታይ ነው። ባየልኝ ለጎብኚ ብሎ አሮጌዎቹን ማሽኖች ሲወለውል ከርሞ፣ ትናንት ጧት ደረቱን ይዞ እዚያው ወደቀ። ከሰዓት ተቀበረ። የልምምዱ ከበሮ ከሩቅ ሲሰማ የታይቱ ልብ ይዘላል፤ ወዲያው ታፍራለች።

ቀትር ላይ የአዳራሹ ኮሚቴ ሊቀመንበር፣ ጨርቅ ነጋዴው ሀጂ ኸሊፋ መጡ። ሐዘን ባለበት ሰፈር ከበሮ ማስመታት ነውር ነውና መክፈቻውን ከአርባው በኋላ እናድርገው አሉ። ያኔ ግን የሰሊጥ አጨዳ ይጀመራል፤ ጨፋሪም ተመልካችም አይገኝም።

«ፈቃዱ ያንች ነው» አሏት።

ታይቱ ለንፍሮ የሚሆን ማሽላ ልታወጣ ወደ ጎተራው ሄደች። የላይኛው አልቋል። ግርጌውን አባቷ አያስነካም ነበር፤ በልጅነቷ እጇን ስትሰድ «እሱ ለዘር ነው» እያለ ይመልሳት ነበር። ዛሬ ክንዷን እስከ ብብቷ አስገባች። ጣቷ ብረት ነካ።

በጆንያ የተጠቀለለ ሳይረን ነበር። እጀታው ላይ ያለው ግራሶ ገና አልደረቀም። ስድስት ዓመቷ ሳለ አባቷ ትከሻው ላይ አስቀምጧት ይህንኑ እጀታ አብረው አዙረው የቀኑን ፈረቃ አስወጥተው ነበር።

አቅፋ አምጥታ ድንኳኑ መሀል አስቀመጠችው። ሸጦታል ሲል የዋለው የድሮ ሠራተኛ አገኘሁ ነጠላውን ወደ አፉ ሳበ። «ሞቶም ፈረቃ ሊያስገባን ነው» አለ። አንዳንዱ ሳቀ፤ አንዳንዱ አለቀሰ።

ታይቱ ተንበርክካ እጀታውን አንድ ጊዜ ብቻ አዞረችው። ሳይረኑ ዝቅ ባለ ድምፅ አቃሰተ። መዳፏ ላይ የቀረውን ግራሶ ልትጠርግ የነጠላዋን ጫፍ አነሳችና ተወችው።

«ሀጂ፣ ሣልስቱን ነገ ጧት እናወጣለን» አለች። «ከሰዓት አዳራሹ ይከፈት። ይህን የማዞረው እኔ ነኝ።»