አንድ ሽንኩርት ለሃምሳ ሁለት ዓይን

«አንድ ብቻ?» አለች ሽንኩርት ሻጯ፣ እጇን ሚዛኑ ላይ እንዳደረገች።

«አንድ ትበቃኛለች።»

ሻጯ የዘወትር ደንበኛዋን፣ መምህርቷን፣ ከእግር እስከ ራሷ ቃኘቻት። አምስት ነፍስ የምታስተዳድር ሴት በጠዋት ተነስታ አንድ ራስ ሽንኩርት ስትገዛ ምን ይባላል? «እህቴ፣ ባልሽ ጥሎሽ ሄደ እንዴ?»

«ኧረ ቤት ነው። ለመብል አይደለም፤ ለማየት ነው።»

«ለማየት» አለች ሻጯ። ትልቋን መርጣ በሐዘኔታ ሰጠቻት። መምህርቷም ማስረዳቱ ስለታከታት ሽንኩርቷን ቦርሳዋ ውስጥ ከትታ ወደ ትምህርት ቤት አዘገመች።

ስለ ሕዋስ ስታስተምር ዐሥራ አራት ዓመቷ ነው። ሕይወት ያለው ነገር ሁሉ ከሕዋስ የተሠራ ነው፤ ከሕዋስ ያነሰ ሕይወት የለም፤ ሕዋስ የሚገኘውም ከሕዋስ ነው። ሦስቱንም ከእንቅልፏ ቀስቅሰው ቢጠይቋት ትወጣቸዋለች። በዓይኗ ግን አንድም ቀን አይታ አታውቅም። ትምህርት ቤቱ ማይክሮስኮፕ አልነበረውማ። ይህንን ለማንም አልተነፈሰችም፤ «ሲታይ እንዴት ያምራል መሰላችሁ» እያለች፣ ሄዳበት እንደማታውቅ አገር ለተማሪዎቿ ታወራላቸው ነበር።

ዛሬ ማይክሮስኮፑ በውሰት መጥቷል፤ ያውም እስከ ምሳ ሰዓት። መስኮቱ ሥር፣ ፀሐይ ባረፈችበት ጠረጴዛ ላይ ቁጭ ብሏል። መምህርቷ ከሽንኩርቱ ስስ ልባስ ላጠች፤ ብርጭቆ ላይ ዘርግታ አዮዲን ጠብ አደረገችበትና ከደነችው። ከዚያ ጎንበስ አለች። ጠርዙ ጥቁር፣ ውስጡ የሚያበራ አንድ ክብ ነገር፣ ልክ እንደ ሙሉ ጨረቃ። ለካ ይኼ ነው።

«ሕዋስ ማለት ይኸውላችሁ። ተራ በተራ እያያችሁ ሳሉ። ብርጭቆውን የነካ፣ ወዮለት።»

ከሃምሳ ሁለቱ ተማሪዎች ሃምሳ አንዱ አንድ ዓይናቸውን ጨፍነው አዩ። ሃምሳ አንድ ክብ ተሳለ፤ ሃምሳ አንድ ጊዜም ዐሥር ከዐሥር ተጻፈ። መጨረሻ የቀረችው፣ ሁሉን ነገር ቀስ ብላ ስለምትሠራ «ኤሊ» የሚሏት ልጅ ነበረች። አይታ አይታ፣ የጡብ ግንብ ስላ መጣች።

«ሕዋስ ሳዪ አልኩሽ እንጂ አጥር ሳዪ አልኩሽ?» ክፍሉ ሳቀ። ዜሮ።

«ያየሁትን ነው የሳልኩት ቲቸር።»

«ብርጭቆውን ነክተሽዋል?»

«ትንሽ ገፋ አድርጌዋለሁ። ክቡ ውስጥ ምንም የለም። ዳር ዳሩን ልይ ብዬ ነው።»

መምህርቷ ጥፋቱን አይታ ልትቆጣ ጎንበስ አለች፤ ቁጣውም እዚያው ቀረ። የክፍሉ ጫጫታ ቀስ እያለ ራቀ። ወርቅማ ብርሃን የሞላባቸው ክፍሎች፣ አንዱ ከሌላው ግድግዳ ተጋርቶ፣ ማለቂያ በሌለው ሰልፍ ተደርድረዋል። በየክፍሉ አንዳንድ ነጥብ፣ ቤቱን የሚጠብቅ ሰው ይመስል፣ ዝም ብሎ ተቀምጧል። እያንዳንዱ ክፍል ከሌላ ክፍል ወጥቷል፤ ያም ከሌላ፣ ያም ከሌላ። ጠረጴዛው ላይ ያረፈ እጇ ታወሳት። እሱም ክፍል ብቻ ነው፤ የምታይበት ዓይንም። ከየትኛዋ እናት ጀምሮ ሳይቋረጥ እዚህ እንደደረሰ እንጃ። ስንት ዓመት ስትደግማቸው የኖረቻቸው ቃላት ገና ዛሬ ገቧት።

ብርጭቆውን ወደ ነበረበት መለሰችው። ያ ጨረቃ፣ ልብስ ስታጥብ ሳፋው ላይ የምታየው ዓይነት አረፋ ነው። ባዶ አየር።

ርዕሰ መምህሩ በሩ ላይ ቆመዋል። «መኪናው መጥቷል፤ እቃውን ሊወስዱት ነው። ሁሉም አዩ አይደል?»

«አይተዋል» ብትል ያበቃል። ማንም አያውቅባትም። ልጅቷ ግን ዜሮዋን በጣቷ ጫፍ እየዳበሰች ነበር።

«አላዩም» አለች መምህርቷ። «እስካሁን ሳሳያቸው የዋልኩት የአየር አረፋ ነው። ሕዋስ ያየችው እሷ ብቻ ናት። መኪናው ትንሽ ይጠብቀን፤ እንደገና ይሰለፋሉ።»

ዜሮውን ሰርዛ ዐሥር ጻፈችና ደብተሩን በሁለት እጇ መለሰችላት።

«ይቅርታ አድርጊልኝ የኔ ልጅ።»

ልጅቷ ደብተሯን ቀስ ብላ አጠፈች።

«ምንም አይደል ቲቸር፤ እርስዎም ገና ዛሬ ነው ያዩት።»