በልደት ክፍል የተደረገው ስብሰባ

መምህርት ልደት ከሮቤ ወደ ጎባ በሚወስደው መንገድ ዳር ባለ ትምህርት ቤት ሕፃናትን ታስተምራለች። የመንግሥት ድጎማ የሚመጣው ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ ላሉት ስለሆነ የእሷ ልጆች ባዶ መሬት ላይ ነው የሚቀመጡት። ዛሬ የወላጆች ኮሚቴ የትምህርት ቤቱ የስንዴ ማሳ ገቢ ለየትኛው ክፍል እንደሚውል ይወስናል። ልደት ታግላ ስብሰባውን ወደ ክፍሏ አመጣችው፤ ሁሉም መሬት ላይ ተደርድረው ተቀመጡ።

«ለስምንተኞቹ ይሁን፤ ፈተና አለባቸው» አሉ ሊቀመንበሩ ኦቦ ከሊል ጋቢያቸውን እየሰበሰቡ።

«ስምንተኛ ክፍል ከሰማይ ዱብ አይልም! እዚህ በብርድ እየተንቀጠቀጠ ትምህርት የጠላ ልጅ እዚያ ምን ብሎ ይፈተናል?» አለች ልደት።

«ይቺ ልጅ እኔንም ተማሪ አደረገችኝ እኮ!» ብለው ሳቁ ኦቦ ከሊል።

ክርክሩ ሲረዝም ቅዝቃዜው የኦቦ ከሊልን ጉልበት ያዘው። ሊነሡ ቢሞክሩ አቃታቸው። ልደት ንዴቷን ረስታ ሮጠች፤ ደግፋም አነሣቻቸው።

«አይዞዎት አባባ።»

«እኔስ አንቺን አገኘሁ» አሉ እጇን ሳይለቁ። «ቀኑን ሙሉ እዚህ የሚቀመጡት ሕፃናትስ? ወለሉ ይሠራ። ስምንተኞቹ ቢያንስ ወንበር አላቸው።»

ሲቃወማት የቆየው የስምንተኛ ክፍል መምህር መሳይ ከጥግ ጮኸ፤ «እሺ፣ ተስማምቻለሁ! ግን እኔንም አንሡኝ!»